ገንዳው ግቢያችን ገብቷል፤ አማቴ ግን ጀርባቸውን ሰጥተውታል

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። 31 ዓመቴ ነው። ከባለቤቴ ሁለት ልጆች አሉን። ወንዱ 6 ዓመቱ ነው፤ ሴቷ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። አማቴም አብረውን ይኖራሉ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ብዙ ዓመት ውጭ አገር ኖሮ ዓምና ተመለሰ። ጋሼ ነው የምንለው። እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ቤት ሠራ። ወገቡን ስለሚያመው ደግሞ ስዊም ስፓ አስመጣ። ለማያውቀው ሰው፣ ትልቅ ገንዳ ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር ይሆናል፤ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ30 ነው። ውኃውን በመብራት ያሞቃል። ከአንድ ጫፍ ሞተሩ ውኃ እየገፋ ይለቃል፤ ሰው ያንን እየታገለ እዚያው ቦታው ላይ ይዋኛል። ዙሪያውን በመስታወት ዘግቶ ጣራ አልብሶታል።

ጋሼ «ልጆቹን ዋና ላስተምራቸው» ሲል ደስ አለኝ። እኔ ዋና አልችልም። ልጆቼ እንደኔ ውኃ ባዩ ቁጥር እንዲርዱ አልፈልግም።

ችግሩ እማማ ናቸው። የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። ከ30 ዓመት በፊት መካከለኛ ልጃቸውን ጀማ ወንዝ ወሰደባቸው። 11 ዓመቱ ነበር። ገንዳው ከመጣ ጀምሮ ወደዚያ በኩል አይዩም። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ እንኳ በርጩማቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። ልጄ መጀመሪያ የገባ ቀን ነጠላቸውን ተከናንበው እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። «ልጄን ውኃ በላው፤ የልጅ ልጆቼንም ልትመግቡት ነው?» አሉኝ። በዚህ ብርድ ሳንባ ምች ታስይዟቸዋላችሁም ይላሉ።

ጋሼ ደግሞ «ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ዋና ይችላል፤ ጣል ብታደርጊው ራሱ ይወጣል» ባይ ነው። አንድ ማታ ብቻ «ያኔ ዋና ቢችል ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ባለቤቴ በሁለቱ መሃል ዝም ብሏል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እማማ ቅዳሴ ሲሄዱ ሁለት ጊዜ ልጆቹን በድብቅ አስገብተናቸዋል። በሁለተኛው ቀን ልጄ እየሮጠች ሄዳ «እማማ፣ ዋኘን!» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ እማማ ከሰላምታ በቀር አያናግሩኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ብዬ ልለፈው? ወይስ ለሰላሜ ስል ነገሩን ልተወው? ሴቷስ ለዋና ደርሳለች?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ እማማ በርጩማቸውን የሚያዞሩበት ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ደብረ ብርሃን ላይ የጠዋት ፀሐይ ለትልቅ ሰው ምን እንደሆነች አውቃለሁ። በዚያች ፀሐይ ውስጥ ተቀምጦ ፊትን ማዞር፣ 30 ዓመት ሙሉ ያልደረቀ ሐዘን ነው። አንቺም ይህን ስላየሽ ነው የጻፍሽልኝ። ባይገባሽ ኖሮ ይህን ያህል አይጨንቅሽም ነበር።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ብለሻል። ተረቱ ደግ ነው፤ ግን እዚህ ቦታው አይመስለኝም። ልጥ አይናደፍም። የገንዳ ውኃ ግን ልክ እንደ ወንዙ ልጅ ይወስዳል። ሴት ልጅሽን ገንዳው አጠገብ አቁመሽ ለኪያት። በእሷ ዕድሜ ያለ ልጅ ቁመት አንድ ሜትር አካባቢ ነው። የገንዳው ውኃ ከራሷ በላይ ይሄዳል ማለት ነው። እኛ ደግሞ የሚሰጥም ልጅ ይጮኻል፣ እጁን ያወዛውዛል ብለን እናስባለን። አይጮኽም። ለመጮኽ ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ እሱ ትንፋሹን እየፈለገ ነው። ድምፅ ሳይሰማ፣ ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300 ሺህ ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሰጥመው እንደሞቱ ገምቷል። ከእነሱ ሩብ ያህሉ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። የልጅሽ እኩዮች።

ይህን የጻፍኩት ላስፈራራሽ አይደለም። እማማ የፈሩት የሌለ ነገር እንዳልሆነ መጀመሪያ እንድንተማመን ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርቱ ማውራት እንችላለን።

ትምህርቱ ቢጀመርም ባይጀመርም፣ ገንዳው ግቢያችሁ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ የሚደረግ ነገር አለ። ስዊም ስፓ በማሰሪያና በቁልፍ የሚዘጋ ወፍራም ክዳን ይኖረዋል። ሰው በማይዋኝበት ሰዓት ሁሉ ይቆለፍ። ግማሹን ከፍቶ ግማሹን መተው አይሆንም፤ ልጅ ከክዳኑ ሥር ከገባ አይታይም። መወጣጫው ደረጃ የሚነሳ ከሆነ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። የመስታወቱ በር ልጆቹ በማይደርሱበት ከፍታ ላይ መወርወሪያ ይኑረው። ኳስም ሆነ አሻንጉሊት ውኃው ላይ አትተዉ፤ ልጅ ብዙ ጊዜ ወደ ውኃ የሚሄደው የወደቀበትን ነገር ሊያወጣ ነው። ውኃ የምታጠራቅሙበት በርሜል ካላችሁም ይከደን። ትንሽ ልጅ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃም ሊሰጥም ይችላል።

አሁን ወደ ድብቁ ነገር ልምጣ። ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ፤ ቀላል አልነበረም። ባልሽ ዝም ብሎ፣ ዋርሳሽ እየገፋ፣ አማትሽ እያለቀሱ፣ መሃል ላይ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ሰው እንዲህ ሲጨነቅ ቅዳሴ እስኪወጣ ያለውን ሰዓት ቢጠቀም አይገርመኝም። ግን አንድ ነገር አስቢልኝ። ልጆቹ ከዚያ ምን ተማሩ? ውኃ ትልልቅ ሰዎች ሳያዩ የሚገባበት ነገር እንደሆነ ተማሩ። እናት በድብቅ ካስገባች፣ ልጅም አንድ ቀን በድብቅ ብቻውን ይገባል። ልጅሽ ሮጣ ሄዳ የነገረቻቸው ቀን እኔ ብሆን አልቆጣትም፤ እሰየው ነው የምላት። ውኃ ገባሁ ብሎ የሚናገር ልጅ ማሳደግ ነው የምንፈልገው።

ዕድሜዋን ጠይቀሻል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ1 ዓመት በላይ ላሉ ብዙ ልጆች የዋና ትምህርት የመስጠም አደጋን ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል። 4 ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ አብዛኞቹ ለመማር ዝግጁ ናቸው ይላል። ስለዚህ ሁለቱም ልጆችሽ ደርሰዋል። ግን ትምህርት ጥበቃን አይተካም። አሥር ጊዜ የተማረችም ቢሆን እጅሽ ከእሷ መራቅ የለበትም። ክንድሽን ስትዘረጊ የምትነኪያት ያህል ቅረቢ። ያ ነው ልኩ።

ጋሼ የሚለው ነገር መነሻ አለው። ገና የተወለደ ሕፃን ውኃ ውስጥ ሲገባ ትንፋሹን ይይዛል፤ እጅና እግሩንም ያንቀሳቅሳል። ነገር ግን ይህ ሳያስበው የሚያደርገው ነው፤ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ይጠፋል። ዋና አይደለም። የሦስት ዓመት ልጅ ጣል ብትደረግ ራሷን አታወጣም። ብትወጣም እንኳ የሚይዛት ፍርሃት ከእማማ ፍርሃት አያንስም። «ጣል አድርጊው» የሚለውን እባክሽ በዚህ ግቢ ውስጥ ማንም አይሞክረው። ይህን ለጋሼ የሚነግረው ባለቤትሽ ቢሆን ደስ ይለኛል። ወንድሙ ነው። ዝምታውን ከዚህ መጀመር ይችላል።

አንቺ ዋና አለመቻልሽ ደግሞ አያሳፍርም። 1 ሜትር ከ30 ውኃ ውስጥ ቆመሽ ደረትሽ ወይም ትከሻሽ ላይ ነው የሚደርሰው። ሞተሩ ከጠፋ፣ ዋና የሚችል ሰው አብሮሽ ከገባ፣ ልጅሽን መያዝ ትችያለሽ። ለትንሽ ልጅ የእናቷ ትከሻ ከማንም አሠልጣኝ ይበልጣል። አንቺም እግረ መንገድሽን ብትማሪ እሰየው። ከዋርሳሽ ጋር ውኃ መግባቱ ካሳፈረሽ ባለቤትሽ ቀድሞ ይማርና እሱ ያስተምርሽ። ጠበቅ ያለ ቲሸርትና ቁምጣ ይበቃል፤ ውኃ ሲጠጣ የሚከብድ ሰፊ ቀሚስ ብቻ አትልበሺ።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል፤ ከጋሼ ጋር ቁጭ ብላችሁ እንድታዩት። ልጆቹ ሲማሩ ውኃ የሚገፋው ሞተር ይጥፋ። ግፊቱ ዋና ለሚችል ሰው ነው። ትንሽ ልጅ ቆማ መተንፈስ ሳትለምድ ውኃ ፊቷ ላይ ቢገፋባት ትደነግጣለች። ሙቀቱም ይታይ። ለወገብ ተብሎ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚሞቅ ውኃ ለትንሽ ልጅ አይሆንም፤ ልጆች ሰውነታቸው ቶሎ ይግላል፣ ይደክማቸዋል። ለትምህርት ከ30 እስከ 32 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። ያን ያህል ውኃ ዲግሪው ወርዶ እስኪስተካከል ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ የጋሼ ቀንና የልጆቹ ቀን ይለይ።

ውኃውን የሚስበው ቀዳዳ ላይ ያለው ወንፊት የተሰበረ ወይም የላላ ከሆነ ማንም አይግባ። ፀጉር ይይዛል። የልጅሽ ሹሩባ ረጅም ከሆነ ወደ ላይ ይታሰር፤ ኮፍያ ቢኖር ደግሞ ይሻላል። የኤሌክትሪኩ መስመር መሬት ላይ የተቀበረ የመከላከያ ሽቦ እንዳለውና ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ እንደተገጠመለት ባለሙያ ይየው። ክሎሪኑንም በዓይን ገምቶ መጨመር አይሆንም፤ በመለኪያ ወረቀት ይለካ። ገንዳው በረኪና በረኪና ከሸተተ ብዙ ሰው «ንጹሕ ነው» ይላል። ተቃራኒው ነው። ጠንከር ያለ ሽታ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር መደባለቁን ነው የሚያሳየው። ሆዱ የታመመ ልጅ ደግሞ እስኪሻለው ድረስ አይግባ።

የብርዱ ነገር። እማማ ሳንባ ምች ሲሉ አትሳቂባቸው። ሳንባ ምች የሚያመጣው ተህዋሲያን ነው፤ መርጠብ ብቻውን አያስይዝም። ነገር ግን ከተማችሁ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይልቃል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። እርጥብ ገላ ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ ይጥላል፤ ትንሽ ልጅ ከትልቅ ሰው ቀድማ ትበርዳለች። ስለዚህ ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ መስታወቱን ስታሞቀው ግቡ። 15 ደቂቃ ይበቃል። ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ጥርሷ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ጨዋታው መሃል ላይም ቢሆን አውጪያት። ጋቢ በሩ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት። ራሷ እስኪደርቅ ወደ ውጭ አትውጣ። ከዚያ አንድ ስኒ ትኩስ አጥሚት። ይህን ሁሉ ሲዘጋጅ እማማ ቢያዩት፣ ሐሳባቸው ቁም ነገር ተብሎ እንደተወሰደ ይገባቸዋል።

ትምህርቱ እንዴት ይጀመር? ከገንዳው አይጀመር። ከሳፋ ይጀመር። ገላዋን ስታጥቢያት በጣሳ ውኃ ትከሻዋ ላይ፣ ከዚያ ማጅራቷ ላይ፣ በመጨረሻ ራሷ ላይ አፍስሺ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለሽ ቁጠሪላት፤ ሳትቆጥሪ አታፍስሺ። ቀዝቃዛ ጠበል በድንገት የፈሰሰበት ልጅ እንዴት እንደሚጮኽ አይተሻል። የሚያስጮኸው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ ሳይነገረው መምጣቱ ነው። ሳፋው ውስጥ አፏን ከትታ እፍ ትበል፤ ውኃው ይንፈቅፈቅ። ውኃ ውስጥ አየር ማስወጣት ከቻለች ትልቁን ነገር ጀምራለች። ይህ አንድ ሳምንት ወይም አንድ ወር ሊወስድ ይችላል። አትቸኩይ። ራሷን ይዘሽ በግድ አትድፈቂያት፤ ትንሽ ልጅ ብዙ ውኃ ከዋጠች ሊያማት ይችላል።

ገንዳው ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የምታስተምሯት በጀርባ መንሳፈፍን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እኔ መንሳፈፍ የተማርኩት በ27 ዓመቴ ነው። የምታስተምረኝ ሴት በአንድ እጇ ማጅራቴን፣ በሌላው ወገቤን ይዛኝ ነበር። አንገቴ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ ጣራውን እያየሁ አፌን ገጥሜ ነበር። «ጆሮሽን ለውኃው ስጪው» አለችኝ። ጆሮዬ ሲገባ የሰዉ ጫጫታ ጠፋ። የራሴን ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ፤ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ። አየር ስስብ ደረቴ ከፍ ይላል፣ ሳወጣ ዝቅ ይላል። መቼ እንደለቀቀችኝ አላውቅም። ዓይኔን ዞር ሳደርግ ሁለት እጇን አጣጥፋ ቆማ አየኋት። አለቀስኩ። ውኃ እስከዚያ ቀን ድረስ ጠላቴ ነበር።

ለልጅሽም እንደዚያ ያዥላት። ራሷ ትከሻሽ ላይ ይረፍ፤ ጉንጯ ጉንጭሽን ይንካ፤ ጣራውን እያየች የምትወደውን መዝሙር ዘምሪላት። እጅሽን ቀስ በቀስ ነው የምትለቂው፤ ሦስት ሰከንድ፣ ከዚያ አምስት። እምቢ ካለች አቁሚ፤ ነገም ቀን ነው። ቀጥሎ የምትማረው ዞሮ ጠርዙን መያዝ ነው። ከደረጃው ላይ ወደ አንቺ ትመጣለች፤ ትዞራለች፤ ጠርዙን ትይዛለች፤ በእጇ እየተሳበች ደረጃው ጋ ትደርሳለች፤ ትወጣለች። ይህንኑ ደጋግማችሁ ተለማመዱ። እግር መምታቱና እጅ መቅዘፉ በኋላ ይመጣል። በአየር የሚነፋውን የክንድ ባሎን አትመኚው። ልጅን ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆም የመንሳፈፊያውን አቋም ያበላሽባታል፤ ሲተነፍስም አይነግርሽም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ባሎኑን ባላደረገች ቀንም «እችላለሁ» ብላ መግባቷ ነው።

አንድ ልጅ ለአንድ ትልቅ ሰው። ሁለቱ ልጆች በአንድ ጊዜ ከገቡ ሁለት ትልቅ ሰው ውኃ ውስጥ ይሁን፤ ሦስተኛ ሰው ዳር ላይ ይቁምና ይይ። ዳር የቆመው ሰው ስልክ አይነካ። በር ከተንኳኳ ልጆቹ ይውጡ፣ ከዚያ በሩ ይከፈት። መብራት ቢጠፋም እንዲሁ።

ስለ ወንዱ ልጅሽ ብዙ አልጻፍሽም። እኔ ግን ከእህቱ ይልቅ እሱ ያሳስበኛል። የ6 ዓመት ልጅ ትንሽ ሲችል ሁሉን የቻለ ይመስለዋል። ገንዳው ውስጥ ውኃው ጥርት ያለ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ጠርዙ ቅርብ ነው። በክረምት ጓደኞቹ «በሬሳ ወንዝ እንሂድ» ሲሉት ይህ ሁሉ የለም። ውኃው ደፍርሶ ታቹ አይታይም፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከላይ የዘነበው ደርሶ ይሞላል። የበሬሳ ውኃ ዞሮ ዞሮ ጀማ ነው የሚገባው። ይህን ንገሪው። «ገንዳ ውስጥ ዋኝተሃል፤ ወንዝ ውስጥ ግን አትችልም» በይው፤ ደጋግመሽ። አንድ ቀን ደግሞ ልብሱን እንደለበሰ ገንዳው ውስጥ አስገቢውና ሱሪና ሹራብ ውኃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ ራሱ ይወቀው። ጓደኛው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ዘሎ እንዳይገባ አስተምሪው። እየጮኸ ትልቅ ሰው ይጥራ፤ ረጅም እንጨት ያቀብል፤ ክዳኑ የተገጠመ ባዶ ጀሪካን ይወርውርለት። ባዶ ጀሪካን ሰው ይዞ ይንሳፈፋል። ይህን በጨዋታ መልክ ግቢያችሁ ውስጥ ተለማመዱት። የ6 ዓመት ልጅ ጀሪካን መወርወር ይወዳል።

እናንተ ትልልቆቹ ደግሞ የመጀመሪያ ርዳታ ተማሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ያሠለጥናል፤ የአምቡላንስ ቁጥሩም 907 ነው፤ ገንዳው አጠገብ ግድግዳው ላይ ጻፉት። በእኛ አገር የሰጠመ ልጅ በእግሩ ይዘቀዘቃል፣ ሆዱም ይጫናል፤ ውኃው ይውጣ ተብሎ። ይህ ጊዜ ያባክናል፤ ሊጎዳም ይችላል። የማይተነፍስ ልጅ የሚፈልገው ትንፋሽ ነው። በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ በአፍ መተንፈስና ደረቱን መጫን። እንዴት እንደሆነ ግን ከጽሑፍ አይለመድም፤ ሥልጠናው ላይ በማለማመጃው አሻንጉሊት በእጃችሁ ሠርታችሁ እዩት። ጋሼም፣ ባለቤትሽም፣ አንቺም። ይህን ሳትማሩ ትምህርቱን ባትጀምሩ እመርጣለሁ።

አሁን እማማ። ሆነ ብዬ ወደ መጨረሻ አቆየኋቸው።

ጋሼ አንድ ማታ «ያኔ ዋና ቢችል ኖሮ…» ብሎ መውጣቱን ጽፈሻል። እኔ ሳነበው ሰውነቴ ነው የደነገጠ። የሰጠመው ልጅ የእማማ ልጅ ብቻ አይደለም፤ የጋሼም የባለቤትሽም ወንድም ነው። ጋሼ ያን ቀን የት ነበር? ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ገንዳውን ያስመጣው ለወገቡ ነው ብለሻል፤ ይሆናል። ነገር ግን ልጆቹን ለማስተማር ይህን ያህል የቸኮለው ለወገቡ አይመስለኝም። እናት ከዚያ ሐዘን «ውኃ አጠገብ አትድረሱ» የሚለውን ይዛ ወጣች፤ ልጅ «ዋና ተማሩ» የሚለውን ይዞ ወጣ። እንደማየው፣ 30 ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ልጅ እያለቀሱ አልተነጋገሩም። ልሳሳት እችላለሁ። ባለቤትሽን አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጠይቂው።

ለእማማ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂያቸው። ስለ ዋናው አይደለም፤ ስለ ድብቁ። «እማማ፣ ቅዳሴ ሲሄዱ ማስገባቴ ልክ አልነበረም፤ ሁለተኛ እርስዎ ሳያውቁ አይሆንም» በያቸው። እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን» አትበይ፤ ስለ ጥቅሙ አታስረጂ። በዚያ ቀን ዋናን አታንሺ። ገንዳው ወደሚታይበት በኩልም አትቀመጡ።

ከዚያ በሌላ ቀን፣ ቡና እየተፈላ፣ ባለቤትሽ ባለበት፣ የክዳኑን ቁልፍ ስጧቸው። ቁልፉ እርሳቸው ዘንድ ይሁን። ለቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ይዘውት ይሂዱ። ጋሼ ለወገቡ ሲፈልግም ከእናቱ ይቀበል፤ ሲጨርስ ቆልፎ ይመልስ። እርሳቸውን ደስ ለማሰኘት ብቻ አይደለም። ያንን ቁልፍ ከእርሳቸው የበለጠ የሚጠብቅ ሰው በግቢያችሁ ውስጥ የለም። አንቺ ሥራ ሲበዛብሽ ልትረሺ ትችያለሽ፤ ጋሼም ወገቡ ሲቆርጠው ይረሳል። እማማ አይረሱም። ውኃው ዳር ቆመው ልጆቹን እንዲጠብቁ ግን አትጠይቂያቸው። ያ ከሐዘናቸውም ከጉልበታቸውም በላይ ነው።

ቁልፉን አልቀበልም ቢሉ አትግፊ። ክዳኑ ተቆልፎ ይቆይ፤ ልጆቹ በሳፋ ይለማመዱ። አንድ ወር ሁለት ወር ቢዘገይ የሚጎድልባቸው ነገር የለም። ከተቀበሉ ደግሞ «አሁን ይገባሉ» ብለሽ አትቸኩይ። እስኪሰጡሽ ጠብቂ። የጠየቁሽን መልሺ፦ ውኃው ስንት ዲግሪ ነው፣ ማን ይይዛታል፣ ጋቢው የት ነው። ልጆቹ የሚወጡበትን ጋቢ እርሳቸው ቢያሞቁት፣ እዚያው ቤታቸው ውስጥ ሆነው፣ ምናልባት መጀመሪያ የሚበቃቸው ያ ይሆናል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለዚያ ልጅ ሁለት ነገር ነው የነገርሽኝ፤ 11 ዓመቱ እንደነበርና ጀማ እንደወሰደው። ስሙን አልጻፍሽውም። ስሙን ታውቂዋለሽ? ልጆችሽስ አጎታቸው እንደሆነ ያውቃሉ? ካላወቃችሁ፣ ከቁልፉ በፊት እሱን ጠይቂያቸው። ምን ይወድ እንደነበር፣ ማንን ይመስል እንደነበር። ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪያቸው፤ ቡናው ቢበርድም ይብረድ።